ቅቤ የጠገበው ሽጉጥ

ትናንት ጎረቤቶቼ ከል ሊያስወጡኝ መጡ። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሞልቶታል፤ ልማዱ ነው። አንዷ አዲስ ነጠላ ይዛለች፣ ሌላዋ በትንሽ ሳህን ለጋ ቅቤ። ክዳኑን ስታነሳው ሽታው ክፍሉን ሞላው። እኔ ግን አልተዘጋጀሁም ነበርና «እስቲ ነገ ተመለሱ» አልኳቸው። አልተቀየሙኝም፤ ሳህኑን ትተውልኝ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ሳየው የመካነ ሰላም ብርድ ቅቤውን እንደ ሰም አድርቆታል። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩት። የባለቤቴ ነገር ይመጣብኛል ብዬ ነበር። የመጣው ግን የአክስቴ የየሺመቤት ጎጆ ነው፤ ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ሽጉጥ ነው፤ ከቅቤው ጋር የሌለው የላምባ ሽታ ሳይቀር አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ጎረቤቶቼ እስኪመለሱ ልጽፈው ተቀመጥኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ መስመር ጽፌ በመስኮት ብዙ አያለሁ። ቢሆንም ይጻፋል።

ሦስተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነበር። መስቀል እንዳለፈ አባቴ በበቅሎ አፈናጦ አክስቴ ዘንድ ወሰደኝ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ደጋ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ከሚደርስ የገብስ ማሳ አጠገብ ብቻዋን ትኖር ነበር። ባሏ አያ ይመር ለሥራ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ተኝቶ ከርሞ ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ አረፈ። ልጅ አልነበራቸውም። «ቤቷ ውስጥ የሰው ድምፅ ይኑር» ነበር ያለው አባቴ ለእናቴ። እኔ ደግሞ ድምፅ ማሰማት ሥራዬ መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ስለፈልፍ፣ አባቴ በመጨረሻ «ለአክስትሽም አስተርፊላት» አለኝ።

አክስቴ ረጅም ሴት ናት። ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ስትጠብቀን ከቤቱ የምትበልጥ መሰለችኝ። ጉንጬን ሳመችኝና «አብሽሪ፣ እዚህ ማንም አይቆጣሽም» አለችኝ። ቃሏን ጠብቃለች።

ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ሽጉጡን ነው። በቆዳ ማህደሩ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። አውቀው ነበር። የአያ ይመር ቀብር ላይ አይቼዋለሁ።

በዚያ አገር ደህና ሰው ሲሞት መሣሪያው ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ዘመድ ይዞት ይዞራል፤ ሙሾ ይወርድለታል፤ መጨረሻ ላይ ማንም ወደሌለበት ወደ ገደሉ ሦስት ጊዜ ይተኮሳል። የዚያን ቀን የያዘው የአያ ይመር ታላቅ ወንድም አያ አሊጋዝ ነበር። ሽጉጡ አንዴ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። አያ አሊጋዝ ጎተተው፣ በመዳፉ መታው፣ ነቀነቀው፤ እምቢ። ሙሾ አውራጇ እንኳ አፏን ያዘች። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «ይመር ተቀይሞ ነው የሄደ» አሉ። ይህ አባባል ከቀብሩ ቦታ እስከ ገበያው ተዳረሰ። በማን ነው የተቀየመው? በሚስቱ እንጂ በማን ሊሆን ነው ተባለ።

አያ አሊጋዝ «ሽጉጡ ለእኔ ይሰጠኝ» ብሎ ጠየቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባገኘኝ ቁጥር ከኪሱ ቆሎ ይሰጠኝ ነበር። ግን ማሳው ከአክስቴ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ በዚያ ክረምት የድንበሩ ድንጋይ አንድ እርምጃ ያህል ወደ እሷ ገብስ ገብታ ተገኝታለች። አክስቴ ድንጋይዋን በጣቷ አሳየችኝ። «መሣሪያው ምሰሶው ላይ እያለ አንድ እርምጃ ሄደች» አለችኝ። «ከወረደ ደግሞ ቤቴ ደጃፍ ትደርሳለች።»

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት እንዲህ ነው። ሽጉጡ እስከ ሙት ዓመቱ ከሟች ቤት ይቆይ፤ በሙት ዓመቱ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የቤቱ ሰው ይዞት ሦስቱን ይተኩስ። ከተኮሰ ይመር ታርቋል፤ ሽጉጡ ከቤቱ አይወጣም። እምቢ ካለ ወደ ወንድሙ ይሂድ። የቤቱ ሰው ማለት እንግዲህ አክስቴ ናት። እሷ ደግሞ በዕድሜዋ ተኩሳ አታውቅም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሽጉጡን ታወርደዋለች። ነጭ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ታነጥፋለች፤ ከቅሉ በጣቷ ቅቤ ታወጣለች፤ ከአፈሙዙ ጀምራ እስከ እጀታው ትቀባዋለች። ቀዳዳ ባለበት ሁሉ ትንሿን ጣቷን ታስገባለች። ሕፃን የምትቀባ ነበር የምትመስለው። የራሷ ፀጉር ከጥቁሩ ሻሽ ሥር እንደ ጭድ ደርቋል፤ ሐዘንተኛ አይቀባም። ላሚቱ የምትሰጠው ቅቤ ጥቂት ነበር፤ ያችው ጥቂት ለእሱ ነበረች።

«ለምን ይቀባል?» አልኳት።

«ይመር ሲቀባው አይ ነበር። ሲታመም እጁ አቃተው፤ ‹እሱ ቢተኛ ብረቱ እንኳ ደህና ይሁን› ብዬ እኔ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ አልተውኩም።»

እኔ በልቤ አያ ይመር ሽጉጡ ውስጥ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ተቀይሞ እዚያ ገብቷል፤ አክስቴ በቅቤ ታባብለዋለች። ምሰሶው አጠገብ ሳልፍ «ደህና አደሩ» እለው ነበር፣ ቀስ ብዬ።

አንድ የገበያ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወደ ከላላ ገበያ ሲወጣ አክስቴ ሽጉጡን ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ወደ ሸለቆው ስትወርድ አየኋት። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አያ አሊጋዝ በአጥሩ ላይ ተደግፎ «የሺ፣ አንቺን ብረቱ ምን ብሎ ይታዘዝሽ? አሁኑኑ ብትሰጪኝ እኮ ሰው ፊት አታፍሪም» ሲላት፣ እሷ «ቀኑ ይምጣ፤ ያኔ ታየኛለህ» ብላዋለች። ይህንን ሰምቻለሁ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልትገድለው ነው። እያለቀስኩ ተከተልኳት።

ሸለቆው ውስጥ የአፈር ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማ አገኘኋት። ለቅሶዬን ሰምታ ዘወር አለች።

«ብርቄ! አንቺ ልጅ፣ ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አያ አሊጋዝን እንዳይገድሏቸው! ቆሎ ይሰጡኛል!»

አክስቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሽጉጡን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብ ስል እየሳቀች ነው። ቤቷ ከገባሁ ጀምሮ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

«እሱን ልገድል? በዚህ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ይሄ እንኳን አሊጋዝን ሊገድል የገዛ ቀለሃውን መትፋት አቅቶታል። ነይ እዪው።»

አሳየችኝ። እኔ ሳልደርስ አንዴ ተኩሳበታለች። ጥይቱ ሲሄድ የሚቀረው ባዶ ነሐስ፣ ቀለሃ የሚሉት፣ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቷል። የሚቀጥለው ጥይት ሊገባ ቢል ቦታው ተይዟል። ቀብሩ ላይም የሆነው ይኸው ነበር። አክስቴ ይህንን በማየቷ ብቻ ግማሽ ሸክም የወረደላት ይመስል ነበር። «ቂም አይደለም፤ የታነቀ ነገር ነው» አለች። «የታነቀ ነገር ደግሞ መንስኤ አለው።»

ከዚያ ወዲያ እኔን አልደበቀችኝም። ሌላ አንድ ሰውም ጨመረች፤ ጎረቤታችንን ሰይድን። ሰይድ የአያ ይመር የልብ ጓደኛ ነበር፤ በወጣትነቱ ወታደር ነበርና ጠመንጃ ያውቃል፤ ሽጉጥ ግን እንደ ጠመንጃው አያውቅም፤ ይህንንም አይናገርም። ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር። ጥይቱ የሚሞላበትን ካርታ ከእጀታው ያወጣል፣ አፈሙዙን ወደ አፈሩ ያዞራል፣ እኔን ከጀርባው ያቆመኛል። ከዚያ ነው የሚያወራው።

በቀጭን የወይራ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ገፍቶ ቀለሃውን አወጣውና ላይኛውን ተንሸራታች ብረት ፈታው።

«ይቺን ታያለሽ እት የሺ? ጥፍር ናት። ተኩሱ ሲሄድ ቀለሃውን ጥይቱ ከሚገባበት ጎሬ ይዛ የምትጎትት እሷ ናት። ይቺ ደግሞ ጥርስ በያት፤ የተጎተተውን ገፍታ ወደ ውጭ የምትጥል። አንዷ ታወጣለች፣ አንዷ ትጥላለች። አሁን ጥፍሯ አልያዘችም።»

«ለምን አልያዘችም?»

ሰይድ አሰበ። «ጥይቱ አርጅቷል» አለ። ከሌላ ሰው ደህና የተባለ ጥይት አመጣ፤ ያው ሆነ። «ሞላው ደክሟል» አለ። ሞላውን አውጥቶ ለጠጥ አድርጎ መለሰው፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ አፍንጫውን እያከከ «ወላሂ፣ ደርቆ ነው። ቅቤ ጨምሪለት» አለ።

ጨመረችለት። ለሳምንቱ ወጥ የቀረውን ሁሉ ጨመረችለት። በማግሥቱ ማለዳ ሸለቆው ውስጥ ስትተኩስ ቀለሃው እንዲያውም ከበፊቱ ብሶ ተጣብቆ ቀረ። ሰይድ በዘንግ ቢገፋው አልወጣም፤ ዘንጉን በድንጋይ መታው፤ ያኔ ተስፈንጥሮ ወጣ።

ቀለሃ መልቀም የእኔ ሥራ ነበር። አንስቼ አሸተትኩትና «የእናቴን ጭንቅላት ይሸታል!» አልኩ።

ሰይድ በሳቅ ፈነዳ። «እናትሽ ትሰማሻለች!»

«እውነቴን ነው። ለአውደ ዓመት ተቀብታ ምድጃ አጠገብ ስትቀመጥ እንዲህ ነው የምትሸት።»

አክስቴ አልሳቀችም። ቀለሃውን ከእጄ ወስዳ አሸተተች፤ በጥፍሯ ጫረችው። ነሐሱ ላይ ቢጫና ጥቁር የሆነ ነገር ነበረበት። ቀለሃውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በነገታው ውርጭ ነበር። ገብሱ ነጭ ሆኖ አደረ። አክስቴ ቅሉን ከፍታ ጣቷን ቅቤው ላይ ጫነች፤ ጣቷ አልገባም። ቅሉን እንደያዘች ዘወር ብላ ምሰሶውን አየች። ከዚያ ሽጉጡን አወረደችው፣ ካርታው መውጣቱን አየች፣ ሰይድ እንዳሳያት አድርጋ ፈታችው፤ ያችን ጥፍር በአውራ ጣቷ ጫነቻት። አልተነቃነቀችም። ብረቱን ወደ ምድጃው ጠጋ አድርጋ ትንሽ ቆየችና እንደገና ጫነቻት። ወደ ውስጥ ገባች፤ ወጣች። ከሥሯም አንዲት የቀለጠ ቅቤ ጠብታ ጉልበቷ ላይ ወደቀች።

አክስቴ ጠብታዋን በጣቷ ጠርጋ አየቻት።

«እኔ ነኝ ያነቅሁት» አለች።

ያኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም። እጅጌዋን ሰበሰበች። ዛሬም አክስቴን ሳስባት የምትመጣልኝ በዚያች እጅጌ ስብሰባዋ ነው። ዓመት ሙሉ በፍቅር ያደረገችው ነገር ስህተት መሆኑን ባወቀች በዚያው ቅጽበት፣ ለራሷ ለማዘን እንኳ ሳትቀመጥ፣ «ብርቄ፣ ያንን ሳህን አቀብዪኝ» አለችኝ።

ለኩራዝ የገዛችውን ላምባ ሳህኑ ውስጥ ገለበጠችው። ብረቶቹን አንድ በአንድ ነከረች። ላምባው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቆይቶ የቡና አተላ መሰለ፤ ላዩ ላይ ቢጫ አረፋ ተንሳፈፈ። ጥይቱ የሚገባበትን ጎሬ በጨርቅ በተጠቀለለ ዘንግ ደጋግማ ፈተገችው። ከብረቷ ጥፍር ሥር ያለውን ግን ጨርቅ አልደረሰበትም፤ መርፌም ሞከረች፣ አልሆነም። ያኔ ጎንበስ አለችና ከጥቁር ቀሚሷ ጠርዝ አንድ ክር መዘዘች። ክሩን በብረቷ ጥፍር ሥር አሳለፈችው፤ ወዲያና ወዲህ ሳበችው። ጥቁሩ ክር ቢጫ ሆኖ ወጣ። ሌላ መዘዘች። የመጨረሻው ጥቁር ሆኖ ገብቶ ጥቁር ሆኖ እስኪወጣ መዘዘች። የቀሚሷ ጠርዝ ተዘርዝሮ ቀረ።

አድርቃ ስትገጥመው አፍንጫዋ ድረስ አቀረበችው።

«አሁን ይመርን አይሸትም» አለች።

«ምን ይሸታል?»

«ብረት።»

ይህንን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ሰለለ። ያኔ አልገባኝም፤ ንጹሕ ነገር ምን ያሳዝናል ብዬ ገረመኝ። አሁን የባለቤቴ ኮት ሳጥን ውስጥ ነው፤ አላጠብኩትም፤ ገብቶኛል።

ሰይድ መጥቶ ሞከረው። ጥይቱ ጮኸ፣ ቀለሃው ወደ ቀኝ ተፈናጥሮ ድንጋይ ላይ ተንከባለለ። ሰይድ ዘለለ። «አልሐምዱሊላህ! ዳነ!» ቀጥሎ አክስቴ ያዘችው። ጮኸ። ቀለሃው ግን አልወደቀም። ከጎሬው ወጥቷል፤ መውጫው አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተቀርቅሯል፣ በጥርስ መሃል እንደ ቀረ አጥንት።

«ጥፍሯ ያዘች፤ የከለከለችው ጥርሷ ናት» አለ ሰይድ። ተቀብሎ እሱ ተኮሰ፤ ተፋው። እሷ ተኮሰች፤ ተቀረቀረ። ሰይድ ግራ ገባው። አያ አሊጋዝ «ብረቱ ምን ብሎ ይታዘዝሽ» ያላት ትዝ አለኝና ፈራሁ።

«እኔ እተኩስልሻለሁ» አላት ሰይድ።

«የቤቱ ሰው ነው የተባለው። አንተ ቤትህ ማዶ ነው።»

«እንግዲያስ አጥብቀሽ ያዢዋ!»

አጥብቃ ያዘች፤ የጣቶቿ አንጓ ነጭ እስኪሆን። ተቀረቀረ። ጥይቱ እያለቀ ነበር፤ በመሐረብ የተቋጠረው ሁሉ ሲፈታ ከሙት ዓመቱ ሦስት ሌላ የሚተርፈው አንዲት ብቻ ሆነች። አክስቴ መሐረቡን መልሳ ቋጠረች። «በቃ፣ ዛሬ አልተኩስም» አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ያየሁት ያን ቀን ነው። ሙት ዓመቱ ደርሷል፤ ጠላ ተጠንስሷል፤ ዘመድ ተጠርቷል።

ቤት ገብታ ወፍጮው ፊት ተንበረከከች። ለድግሱ የሚፈጨው እህል ብዙ ነበር። የላይኛውን ድንጋይ፣ መጁን፣ ይዛ ትገፋለች፣ ትመልሳለች። እኔ አጠገቧ እህል እጨምራለሁ። ድንገት አቆመች። ቀና ሳትል እጆቿን አየች። እንደገና ገፋች፤ ዝግ ብላ። የእጇ አንጓ ቀጥ ብሏል፣ ክርኗ ተቆልፏል፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከትከሻዋና ከወገቧ ነው። ጣቶቿ እንዲያውም ላላ ያሉ ናቸው።

«ብርቄ፣ ተነሺ። ጡጫዬን ግፊው።»

ባዶ እጇን ሽጉጥ እንደያዘች ዘረጋች። በሁለት መዳፌ ገፋኋት፤ ክርኗ እጥፍ አለ።

«ይሄ የቀድሞው ነው» አለች። ከዚያ ትከሻዋን ወደፊት ጣል አድርጋ፣ መጁን እንደምትይዘው ዘረጋች። «አሁንስ?»

ገፋሁ። አልሆነልኝም። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ገፋሁ። የዋርካ ሥር የምገፋ ነበር የመሰለኝ።

«እጄ ወደኋላ እየሸሸበት ነው» አለች። «የሚደገፍበት ሲያጣ ኃይሉ አለቀበት፤ ቀለሃውን አውጥቶ ሳይጥለው ቀረ። ስፈራው እሱም ይፈዛል ማለት ነው።»

ዱቄት እንደነካው እጇን ሳትታጠብ ወደ ሸለቆው ወረድን፤ ሰይድንም ከአጥሩ ጠራነው። የተረፈችውን አንዷን ጥይት ተኮሰች። ቀለሃዋ በፀሐይዋ ውስጥ ብልጭ ብላ ወጣች፤ የት እንደወደቀች እስክፈልግ ሰይድ ቀድሞኝ አገኛት፤ ሳማት።

የሙት ዓመቱ ጠዋት እንደተፈራው ውርጭ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰው በገደሉ አፋፍ ባለው ሜዳ ክብ ሠራ። ሙሾ ወረደ። አክስቴ ሽጉጡን በነጭ ጨርቅ ይዛ ወጣች። ከመተኮሷ በፊት ለቤተሰብ ይታያል፤ አያ አሊጋዝ ተቀበላት። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጣቱን አየ፤ አሸተተው።

«ደረቅ ነው» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የሺ፣ የወንድሜን ብረት ቅቤ ነፈግሽው?»

ክቡ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። አንዲት አሮጊት «ኧረ፣ ሙት ዓመቱን እንኳ!» አሉ። ቅቤ መንፈግ በዚያ ቀን ቀላል ስድብ አልነበረም፤ ባሏን ረስታዋለች ማለት ነው። ሰይድ ከሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ጋር ዳር ቆሞ መሬት መሬቱን አየ፤ ቅቤ ጨምሪ ያላት እሱ ነውና። እኔ «አልነፈገችውም! ያነቀው ቅቤው ነው!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ የአባቴ እጅ አፌ ላይ አረፈ።

አክስቴ አልተቆጣችም። «ዓመቱን ሙሉ ቀብቼዋለሁ፣ አያ አሊጋዝ» አለችው። «የራሴን ድርሻ ነው የሰጠሁት። ያልበጀው እሱ ነበር። አሁን ስጠኝ።»

ሰጣት።

ገደሉ ፊት ቆመች። የቀሚሷ የተዘረዘረ ጠርዝ በንፋሱ ይውለበለብ ነበር። ክንዷን ስትዘረጋ ትከሻዋ ወደፊት ጣል ሲል አየሁ፤ ወፍጮው ታየኝ።

የመጀመሪያው ጮኸ፤ ቀለሃው ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ማንም አልተነፈሰም፤ ቀብሩም ላይ የመጀመሪያው ጮኾ ነበር። ሁለተኛው ጮኸ። ያኔ ክቡ ተነፈሰ። ሦስተኛው ሲጮህ ቀለሃው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተፈናጠረ፤ ዞረና በስተቀኟ ቆሞ በነበረው በአያ አሊጋዝ ጋቢ እጥፋት ውስጥ፣ አንገቱ ሥር ገባ።

«ዋይ! አቃጠለኝ!» ብሎ ዘለለ። ጋቢውን ያራግፋል፣ ይሽከረከራል፣ ቀለሃው ወደ ታች ይወርድበታል። ያ ሁሉ ሐዘንተኛ መጀመሪያ አፉን በነጠላው ሸፈነ። ከዚያ «ይመር ተቀይሟል» ያሉት ሽማግሌ «ይመር ቀልዱን አልተወም እኮ!» ሲሉ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አያ ይመር በሕይወቱ ቀልደኛ ነበር አሉ። ሙሾ አውራጇ ሳትቀር እያለቀሰች ሳቀች።

አያ አሊጋዝ ቀለሃውን በመጨረሻ አወጣው። በመዳፉ ይዞት ቆመ። እሱም ይስቅ ነበር፣ ዓይኑ ግን ሞልቷል፤ ወንድሙ ነው የሞተው። ወደ አክስቴ ሄዶ ቀለሃውን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ምን አድርገሽው ነው?» አላት ዝቅ ብሎ።

«አጠብኩት።»

ሌላ አልተነጋገሩም። ገብሱ ሲታጨድ የድንበሩ ድንጋይ ወደ ጥንት ቦታዋ ተመልሳ አገኘናት። አክስቴ ማን እንደመለሳት አልጠየቀችም። ለአያ አሊጋዝ ግን ከአዲሱ ገብስ ቆሎ ቆልታ በእኔ እጅ ላከችለት፤ እሱ ደግሞ ግማሹን መልሶ ለእኔ ሰጠኝ።

የዚያኑ ቀን ከድግሱ በኋላ ሴቶቹ አክስቴን ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጧት። ጥቁሩን ሻሽ ፈቱላት። አንዷ ቅቤ አመጣች። አክስቴ ቅቤውን ስታየው እጇ ሳታስበው ወደ ምሰሶው አቅጣጫ ሲነሳ አየሁ። መለሰችው። አንገቷን ደፋች።

ቅቤው መሃል አናቷ ላይ ተደረገ። ፀሐዩ ሲያቀልጠው በግንባሯ፣ በጆሮዋ ሥር ወረደ፤ የደረቀው ፀጉሯ ጠጣው፤ ዓይኖቿን ጨፈነች። እኔ ጠጋ ብዬ አንገቷን አሸተትኩት።

«ምንድነው፣ ብርቄ?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አሁን እርስዎ አያ ይመርን ሸተቱ።»

ወደ ጉያዋ ሳበችኝ። አንድ ጣት ቅቤ ከግንባሯ ጠርጋ እኔ አናት ላይ አደረገችልኝ፤ እጇ እዚያው ብዙ ቆየ።

ይህንን ጽፌ ሳበቃ ሳህኑ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ደርሶበት ነበር፤ ቅቤው ዳር ዳሩን ማብረቅረቅ ጀምሯል። የጎረቤቶቼ ድምፅ ከግቢው በር ይሰማኛል፤ «እሺ ትለን ይሆን?» ይባባላሉ። ጥቁር ሻሼን ፈታሁና በሩን ልከፍትላቸው ተነሳሁ።